ቁጣ ነው ወይስ ቂም? አንድ ኬሚካል የቆዳ አለርጂ ማምጣት አለማምጣቱን በአይጥ ጆሮ እንዴት እንደሚፈተሽ

ቆዳ ላይ ችግር የሚያመጡ ኬሚካሎችን ለጀማሪ ሳስረዳ ሁሌም ቁጣና ቂም ብዬ ነው ምከፍላቸው። አንዳንዱ ኬሚካል ልክ ሲነካችሁ ቆዳውን ያስቆጣዋል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ ታጥቦ ሲለቅ ግን ነገሩ እዛው ያልቃል። ሌላው ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ምንም አይልም፣ በሁለተኛውም ቀን ዝም፣ ግን ሰውነት ውስጥ ቂም አስይዞ ነው የሚሄደው፣ ከዛ ከሳምንት ወይ ከወራት በኋላ ትንሽ እንኳን ብትነኩት ቆዳው በሽፍታና በማሳከክ ይነሳል፣ ይሄ ቂም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እድሜ ልክ ነው ሚቆየው። ኢፖክሲ ሬዚን የሚሰሩ ሰዎች ላይ ወይም ሲሚንቶ ውስጥ ባለው ክሮሚየም ምክንያት ግንበኞች እጅ ላይ የሚታየው ይሄ ሁለተኛው አይነት ነው።

የአለርጂ ቴስት ስራው በሙሉ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው፣ እና ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፣ የቀላ ጆሮ አይቶ አለርጂ ነው ይላል ወይም ያልቀላ ጆሮ አይቶ ነጻ ነው ይላል። ዛሬ ደረጃ በደረጃ የማሳያችሁ ኤልኤልኤንኤ (ሎካል ሊምፍ ኖድ አሴይ) የሚባለውን የአይጥ ቴስት ነው፣ የኬሚካል ፍተሻ መመሪያ የሚያወጣው አለም አቀፍ ድርጅት ኦኢሲዲ በ2002 በመመሪያ ቁጥር 429 ያጸደቀውና በ2010 ያሻሻለው።

አሰራሩን ከማውራታችን በፊት ከጀርባው ምን እንዳለ በአጭሩ። ኬሚካሉ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ቆዳ ላይ ያሉ ጠባቂ ሴሎች ይሄን ባእድ ነገር ይዘው በአቅራቢያው ወዳለው ሊምፍ ኖድ ይሄዳሉ፣ እዛ ያሉ ቲ ሴሎች (የሰውነት መከላከያ ሴሎች) ያዩትና የሚያውቁት ሴሎች መባዛት ይጀምራሉ። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ይወጣ የለ፣ ነገሩ ከዛ ብዙም አይርቅም። ቂሙ የሚጸነሰው እዛ እጢ ውስጥ ነው። ስለዚ እኛ የምንለካው የቆዳውን መቅላት ሳይሆን ጆሮ ላይ ኬሚካል ተቀብቶ ከጆሮው ስር ያለው እጢ ውስጥ ሴሎቹ ምን ያህል ተባዙ የሚለውን ነው። ይሄ ከገባችሁ የቀረው እጅ ስራ ነው።

1. መጀመሪያ እንስሳ ሳትነኩ መጨረስ ይቻል እንደሆነ እዩ

ይሄን ለወግ አይደለም የምለው። አሁን ያለ እንስሳ የሚሰሩ ቴስቶች አሉ፣ ዲፒአርኤ የሚባለው ኬሚካሉ ከፕሮቲን ቁራጭ ጋር መጣበቁን ያያል (መመሪያ 442ሲ)፣ ኬራቲኖሴንስ የቆዳ ሴል ላይ ይሰራል (442ዲ)፣ ኤችክላት ደግሞ የጠባቂ ሴሎችን መነቃቃት ይለካል (442ኢ)። በ2021 የወጣው የኦኢሲዲ መመሪያ 497 የነዚህን ውጤት አጣምራችሁ መደምደሚያ እንድትሰጡ ይፈቅዳል። የአውሮፓ ህብረትም በኢንዱስትሪ ኬሚካል ህጉ ከ2016 ማሻሻያ ወዲህ መጀመሪያ እነዚህን ስሩ፣ አይጥ የሚመጣው እነሱ ካልሰሩ ነው ይላል፣ ለኮስሜቲክስ ከሆነማ ከ2013 ጀምሮ በእንስሳ የተፈተሸ ነገር ገበያ ላይ ማውጣት ራሱ ክልክል ነው። ስለዚ ለየትኛው ተቆጣጣሪ እንደምታስገቡ ሳታውቁ አይጥ አትዘዙ።

የኬሚካሉን ፒኤችም ለኩ። 2 እና ከዛ በታች ወይም 11.5 እና ከዛ በላይ ከሆነ ቆዳ የሚበላ ነገር ስለሆነ ለዚህ ቴስት እንስሳ ላይ አይቀባም፣ አለቀ። ከዛ ንጽህናውን፣ የባች ቁጥሩን፣ በምን እንደሚሟሟ፣ ብርሃንና ሙቀት ይችል እንደሆነ ከአምራቹ ተቀበሉ። ንጽህናው 80% የሆነ ኬሚካል ፈትሻችሁ አለርጂውን ያመጣው የቀረው 20% ቢሆንስ? ለዚህ መልስ ሳይኖራችሁ አትጀምሩ።

የእንስሳት ኤቲክስ ኮሚቴ ፈቃድ እና ሬዲዮአክቲቭ የመጠቀም ፈቃድ (በ6ኛው ቀን የምንወጋው ነገር ሬዲዮአክቲቭ ነው) ሁለቱም በእጅ ይሁኑ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይደርሳል ብሎ መጀመር አይጦቹ እድሜያቸው እስኪያልፍ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ያመጣል፣ አይቼዋለሁ።

2. አይጦቹ

ሲቢኤ የሚባል ዝርያ ነው ሚፈለገው፣ ሴት፣ ያልወለደችና ያላረገዘች፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት እድሜ። ክብደታቸው ከአማካዩ ከ20% በላይ መራቅ የለበትም። ከመጡ በኋላ ቢያንስ 5 ቀን ይልመዱ፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ አካባቢ (3 ዲግሪ ከፍና ዝቅ)፣ መብራት 12 ሰአት በርቶ 12 ሰአት ጠፍቶ። በየግሩፑ ትንሹ ቁጥር 4 ነው፣ እኔ 5 ነው ምመርጠው ምክንያቱን ስድስተኛው ቀን ላይ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የተለያየ ዶዝ የሚቀቡ አይጦችን አንድ ኬጅ ውስጥ አታድርጉ። አይጥ እርስ በርስ መላላስ ይወዳል፣ የአንዷን ኬሚካል ሌላዋ ትልሰዋለች።

3. ማሟሚያ መምረጥ

እኔን ብትጠይቁኝ የቴስቱ ግማሽ እዚህ ነው ያለው። የተለመደውና የመጀመሪያ ምርጫ አሴቶንና የወይራ ዘይት 4 ለ 1 ነው፣ ማለት 10 ሚሊ ሊትር ከፈለጋችሁ 8 ሚሊ አሴቶን 2 ሚሊ ዘይት። በዛ ካልሟሟ ዲኤምኤፍ፣ ከዛ ሜቲል ኢቲል ኬቶን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ዲኤምኤስኦ እያላችሁ ትወርዳላችሁ። ንጹህ ውሃ አይሆንም፣ ጆሮው ላይ ሳይቆይ ይንሸራተታል፣ የግድ በውሃ ብቻ የሚሟሟ ከሆነ 1% ፕሉሮኒክ ኤል92 ጨምሩበት ቆዳውን እንዲያርሰው።

አሴቶን ተንኮለኛ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ስትቀቡ ሃያ ደቂቃ ካለፈ አሴቶኑ ተኖ ያዘጋጃችሁት 10% ሌላ ነገር ሆኗል። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ፣ በየአይጡ መሀል ክዳኑን ዝጉ። ፒፔቱም ላይ አሴቶን ከጫፉ ይንጠባጠባል፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ሳብ መለስ አድርጋችሁ ጫፉን ካረጠባችሁት ይቀንሳል።

4. የቅድመ ሙከራ

ከፍተኛው ዶዝ ስንት መሆን አለበት የሚለውን የምታውቁት በዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ኮንሰንትሬሽን አንድ ወይ ሁለት አይጥ ይበቃል። 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ቀን ትቀባላችሁ፣ እስከ 6ኛ ቀን ትከታተላላችሁ፣ የጆሮውን ውፍረት በ1ኛው ቀን ከመቀባታችሁ በፊት፣ በ3ኛውና በ6ኛው ቀን በማይክሮሜትር ትለካላችሁ። ውፍረቱ በየትኛውም ቀን 25% ወይ ከዛ በላይ ከጨመረ ወይም የመቅላት ነጥቡ (ከ0 እስከ 4 ነው የሚሰጠው) 3 ከደረሰ ያ ዶዝ ቆዳውን ከልክ በላይ ያስቆጣል ማለት ነው። ክብደቷ ከ1ኛው እስከ 6ኛው ቀን ከ5% በላይ ከቀነሰ ወይም መንቀጥቀጥ፣ ድንዛዜ፣ ጸጉር መቆም ከታየ ደግሞ ሰውነቷን በሙሉ እየመረዘ ነው። በሁለቱም ወደ ታች ውረዱ።

ይሄን ለምን እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። በጣም የተቆጣ ቆዳ እጢውን ያለ ምንም አለርጂ ሊያሳብጠው ይችላል። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባለው የሳሙና ኬሚካል አለርጂ አምጪ ባይሆንም በዚህ ቴስት አዎንታዊ መስሎ ይወጣል፣ ቁጣውን ቂም አስመስሎ ያሳያችኋል። በሌላ በኩል ፈርታችሁ ዶዙን በጣም ካወረዳችሁት እውነተኛውን አለርጂ ታጡታላችሁ። የምትፈልጉት ሳያስቆጣ የሚቻለውን ከፍተኛ ነው።

ከዛ ከዚህ ተርታ ሶስት ተከታታይ ዶዝ ምረጡ፦ 100፣ 50፣ 25፣ 10፣ 5፣ 2.5፣ 1፣ 0.5%። ለምሳሌ 50 ካስቆጣ 25፣ 10 እና 5 ይሆናል።

5. ዋናው ቴስት፣ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ቀን

አምስት ግሩፕ አላችሁ፦ ማሟሚያ ብቻ የሚቀባ ኮንትሮል፣ ሶስቱ ዶዞች፣ እና ቴስቱ መስራቱን የሚያሳይ ፖዘቲቭ ኮንትሮል፣ እሱም ብዙ ጊዜ 25% ሄክሲል ሲናሚክ አልዴሃይድ በአሴቶንና ወይራ ዘይት ነው። ቴስቱን ቢያንስ በየወሩ የሚሰራና የቆየ ሪከርድ ያለው ላብ ፖዘቲቩን በየ6 ወሩ ቢሰራ ይፈቀድለታል፣ አዲስ ከሆናችሁ ግን ሁሌ አብራችሁ ስሩ።

1ኛ ቀን መዝኑና መዝግቡ፣ ከዛ በእያንዳንዱ ጆሮ ጀርባ ላይ 25 ማይክሮ ሊትር ቀቡ፣ ሁለቱም ጆሮ። 2ኛና 3ኛ ቀን ያው፣ በተቀራራቢ ሰአት። ለአንድ አይጥ በሶስት ቀን 150 ማይክሮ ሊትር ማለት ነው፣ ለ5 አይጥ 0.75 ሚሊ፣ ትርፍ አስባችሁ አዘጋጁ። በፒፔቱ ጫፍ ቆዳውን አትፋቁት፣ ጠብታውን አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ አሰራጩት፣ እስኪደርቅ ትንሽ ያዟት አለበለዚያ ወዲያው ጆሮዋን በእግሯ ትጠርገዋለች።

ሁሌም ከኮንትሮል ጀምሩና ከዝቅተኛው ዶዝ ወደ ከፍተኛው ሂዱ፣ ፖዘቲቩ መጨረሻ። ድሮ እኔ ራሴ ስቸኩል ከከፍተኛው ዶዝ በኋላ ጓንት ሳልቀይር ኮንትሮሎቹን ይዤ ነበር። ኮንትሮሉ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ኮንትሮሉ አካፋይ ስለሆነ ደግሞ የሁሉም ዶዝ ውጤት ዝቅ አለ፣ በቃ 25 አይጥ በአንድ ጥንድ ጓንት ምክንያት ተበላሸ። ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

4ኛና 5ኛ ቀን አትቀቡም። ግን አይጦቹን ማየት አታቁሙ፣ ጆሮ መቅላቱን፣ አበላላቸውን፣ እንቅስቃሴያቸውን በየቀኑ በየግላቸው ጻፉ። የምትሰቃይ አይጥ ካያችሁ እስከ 6ኛ ቀን ትቆይ አትበሉ፣ ከስቃይ ማውጣት ዳታ ከማግኘት ይቀድማል።

6. ስድስተኛው ቀን

ረጅሙ ቀን ይሄ ነው፣ ቁርስ በልታችሁ ግቡ። መጀመሪያ መዝኑ። ከዛ ለእያንዳንዷ አይጥ 20 ማይክሮኪዩሪ ትሪቲየም (ሬዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን) የተሸከመ ታይሚዲን በ250 ማይክሮ ሊትር ፒቢኤስ (ጨዋማ የላብ ፈሳሽ) ውስጥ በጅራቷ ደም ስር ትወጋላችሁ። ሴል ሲባዛ ዲኤንኤ ይሰራል፣ ዲኤንኤ ለመስራት ታይሚዲን ይፈልጋል፣ ስለዚ የተባዛው ሴል ሬዲዮአክቲቩን ውጦ ይገኛል፣ የምትቆጥሩትም እሱን ነው።

ጅራቷን በሞቀ ነገር አሙቁት ደም ስሩ ይወጣል፣ የጎን የጎኑን ተጠቀሙ። መርፌው ገብቶ ስትገፉ ከከበዳችሁ ወይም ቆዳው ስር ነጭ ብሎ ካበጠ ከደም ስሩ ወጥታችኋል። ይሄን የሚደብቅ ሰው አይቻለሁ፣ አትደብቁት ጻፉት፣ ምክንያቱም በደንብ ያልተወጋች አይጥ ቁጥሯ ዝቅ ይልና ኬሚካሉ ነጻ ይመስላል። አምስተኛዋን አይጥ የምፈልጋት ለዚህ ነው፣ አንዷ ብትበላሽ አራት ይቀሩኛል።

መርፌው ከገባ ከ5 ሰአት በኋላ አይጧ በጸደቀው ሰብአዊ መንገድ ትገደላለች። 25 አይጥ መውጋት ከአንድ ሰአት በላይ ይፈጃል፣ ስለዚ የእያንዳንዷን ሰአት ጻፉና በዛው ተራ ግደሉ፣ ሁሉንም በአንዴ ካደረጋችሁት የመጀመሪያዋ 6 ሰአት የመጨረሻዋ 4 ሰአት ተኩል ይሆናል።

ቀጥሎ የጆሮውን እጢ ማውጣት ነው፣ በየጎኑ ያለውን። ከመንጋጋው ጡንቻ ወደ ጎን፣ ጁጉላር የሚባለው የአንገት ደም ስር የሚከፈልበት አካባቢ ነው። ጀማሪ ሁሌም ከምራቅ እጢ ጋር ያምታታዋል፣ የምራቁ ትልቅና ብዙ ክፍል ያለው ነው፣ ሊምፍ ኖዱ ግን ትንሽ፣ ድብልብልና ለስላሳ። መጀመሪያ ለሌላ ስራ በሞቱ አይጦች ላይ ተለማመዱ፣ በቴስቱ ቀን መማር አይቻልም።

የእያንዳንዷን አይጥ ሁለት እጢ ለብቻ ያዙ። የግሩፑን በአንድ ላይ መቀላቀልም ይፈቀዳል፣ ይቀላልም፣ ግን ያቺ በደንብ ያልተወጋችዋ ውስጡ ተቀላቅላ ትጠፋለች፣ ስታቲስቲክስም መስራት አትችሉም። እጢዎቹን ፒቢኤስ ውስጥ አድርጋችሁ በ200 ማይክሮን ወንፊት ቀስ ብላችሁ ጨፍልቁ፣ ሴሎቹ ይለቀቃሉ። ሁለት ጊዜ በፒቢኤስ እጠቡ፣ ከዛ 5% ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ጨምራችሁ በ4 ዲግሪ 18 ሰአት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ በ1 ሚሊ ያው አሲድ በጥብጡትና 10 ሚሊ የሲንቲሌሽን ፈሳሽ (ጨረር ሲያገኘው ብርሃን የሚሰጥ) ካለበት ጠርሙስ ጋር አድርጋችሁ ማሽኑ ይቁጠረው።

ስለ ትሪቲየም አንድ ነገር። ጨረሩ በጣም ደካማ ነው፣ ቆዳ አያልፍም፣ አደጋው ከገባ ነው፣ በአፍ፣ በቁስል፣ በትንፋሽ። እና ተራው የጋይገር መቁጠሪያ አያየውም፣ ጠረጴዛው ላይ አስጠግታችሁት ዝም ስላለ ንጹህ ነው እንዳትሉ፣ በወረቀት ጠርጋችሁ ወረቀቱን ሲንቲሌሽን ማሽን ላይ ነው ምትቆጥሩት። ግማሹ ለመፍረስ 12.3 አመት ስለሚፈጅበት በአንድ ክረምት አይጠፋም፣ ሬሳው፣ የኬጁ ሰጋቱራ፣ መርፌው ሁሉ በሬዲዮአክቲቭ ቆሻሻ መንገድ ነው የሚወገደው።

7. ቁጥሩን ማንበብ

ማሽኑ የሚሰጣችሁ ዲፒኤም ነው፣ በደቂቃ ስንት አቶም እንደፈረሰ። ናሙና የሌለበትን የባዶ ጠርሙስ ቁጥር ቀንሱ፣ የግሩፑን አማካይ ውሰዱ፣ ለኮንትሮሉ አማካይ አካፍሉ። የሚወጣው ኤስአይ ይባላል። 3 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ኬሚካሉ አለርጂ አምጪ ነው።

ምሳሌ ልስራላችሁ፣ ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ኮንትሮል 400፣ 5% ላይ 640፣ 10% ላይ 960፣ 25% ላይ 2160 ወጣ እንበል። ኤስአዩ 1.6፣ 2.4 እና 5.4 ይሆናል። ዶዙ ሲጨምር አብሮ እየጨመረ ነው፣ 25% ላይ 3ን አልፏል፣ አዎንታዊ። አሁን 3 የሚሆነው በስንት ፐርሰንት ላይ ነው? እሱ ኢሲ3 ይባላል፣ ከ3 በታችና በላይ ካሉት ሁለት ነጥቦች መሀል ይወጣል፦ 3 ሲቀነስ 2.4 = 0.6፣ 5.4 ሲቀነስ 2.4 = 3፣ 0.6 ለ3 ሲካፈል 0.2፣ የዶዙ ልዩነት 25 ሲቀነስ 10 = 15፣ 0.2 ሲባዛ በ15 = 3፣ ከ10 ጋር ሲደመር 13%። በጂኤችኤስ (የኬሚካል አደጋን የሚመድበው አለም አቀፍ ስርአት) ምደባ ኢሲ3 2% እና ከዛ በታች ከሆነ 1ኤ ማለትም ሀይለኛ፣ ከ2 በላይ ከሆነ 1ቢ፣ የኛው 1ቢ ነው።

ቁጥሩ 3 አካባቢ ሲዋልል ግን 3.1 አዎ፣ 2.9 አይ ብላችሁ አትለፉ። ዶዝ ሲጨምር ውጤቱ አብሮ ጨምሯል ወይ? የየግሏ አይጥ ቁጥር ተቀራራቢ ነው ወይስ አንዷ ናት የጎተተችው? ጆሮው አብጦ ነበር ወይ? የኬሚካሉ ቅርጽ ከታወቁ አለርጂ አምጪዎች ጋር ይመሳሰላል ወይ? ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ 3 ካልደረሰ ደግሞ ስለ ኬሚካሉ ምንም ማለት አትችሉም፣ ከ20 በላይ ከወጣም የሆነ ነገር ስላለ ቆም ብላችሁ ፈትሹ። ሜታሎች ላይም ጥንቃቄ፣ ኒኬል ሰው ላይ በጣም የታወቀ አለርጂ አምጪ ሆኖ ሳለ ይሄ ቴስት ሊያመልጠው ይችላል።

8. ይሄ ካልሆነላችሁ

ሬዲዮአክቲቭ ከሌላችሁ ሁለት አማራጭ አለ። 442ቢ በትሪቲየሙ ታይሚዲን ፈንታ ቢአርዲዩ (ታይሚዲንን የሚመስል፣ ሬዲዮአክቲቭ ያልሆነ) ይጠቀማል፣ 5 ሚሊ ግራም በሆድ በ5ኛው ቀን ይወጋል፣ እጢው በ24 ሰአቱ ይወጣል፣ በኤላይዛ (በቀለም ለውጥ የሚለካ ዘዴ) ሲለካ መቁረጫው 1.6 ነው። 442ኤ ኤቲፒ (ሴሎች ውስጥ ያለው የሀይል ሞለኪውል) ይለካል፣ መቀባቱ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 7ኛ ቀን ነው፣ መቁረጫው 1.8። ቁጥሮቹን እንዳታደባልቁ፣ የአንዱን መቁረጫ ለሌላው ያደረገ ሪፖርት ገጥሞኛል።

ጊኒ ፒግ የቀድሞው መንገድ ነው፣ መመሪያ 406። ማግኑሰንና ክሊግማን በ1969 ያወጡት አሰራር ቢያንስ 10 ኬሚካሉን የተቀበለና 5 ኮንትሮል ይፈልጋል፣ ቆዳ ውስጥ ፍሮይንድ አድጁቫንት የሚባል የመከላከያ ሀይልን የሚያነሳሳ ነገር ይወጋል፣ 30% እንስሳት የአለርጂ ምላሽ ካሳዩ አዎንታዊ ነው። ቡህለር የሚባለው ሌላው የጊኒ ፒግ አሰራር አድጁቫንት የለውም፣ ግን 20 ኬሚካሉን የተቀበለና 10 ኮንትሮል ይጠይቃል፣ መቁረጫው 15% ነው። ሁለቱም ቂም የማስያዙንም የመቀስቀሱንም ደረጃ ስለሚያልፉ ሳምንታት ይፈጃሉ፣ እንስሳውም ሽፍታና ማሳከኩን ራሱ ይቀምሰዋል፣ መቅላቱም በአይን ነው የሚነበበው። ስለዚ እኔ እዛ የምሄደው ኬሚካሉ የአይጡን ቴስት የሚያሳስት አይነት እንደሆነ ሳውቅ ብቻ ነው።

9. ሪፖርት

የየግሏን አይጥ ዲፒኤም፣ ክብደት፣ ጆሮ ውፍረት፣ የተበላሹ መርፌዎችን፣ ለምን ያንን ማሟሚያና ዶዝ እንደመረጣችሁ ሁሉንም አስገቡ፣ አማካይ ብቻ የሰጠ ሪፖርት ተቆጣጣሪው ይመልሰዋል። ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ የኬሚካሉ ሴፍቲ ዳታ ሺትና ሌብል ላይ ኤች317 የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ የቆዳ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል የሚለው፣ ይገባል፣ 1ኤ ወይም 1ቢ መሆኑም አብሮ ይጻፋል ምክንያቱም ድብልቅ ውስጥ ስንት ፐርሰንት ሲገባ ነው ማስጠንቀቂያው የሚለጠፈው የሚለው በሱ ላይ ነው የሚወሰነው።